ድንጋይ የሚበላ

የሳይማን ሐይቅ የማያውቅ፣ ውሃ መስሎት ይሄዳል፤
የሚያውቀው ግን፣ ውሃ የለበሰ ድንጋይ መሆኑን ይረዳል።
ወንድሜ ኡርፖ ያውቅ ነበር። አርባ ዓመት በጀልባ ፖስታ ሲያደርስ፣
አለቶቹን እንደ ጎረቤት፣ ደህናውን ሰላም ሲል፣ ክፉውን ሲወቅስ።

በመጋቢት ሞተ፤ በረዶው ገና ሳይቀልጥ።
ለእኔ የቀረኝ ጀልባው ነው፣ አምስት ሜትር ተኩል፣ ሸራው የተጣፈ፤
አንድም የወረቀት ካርታ፣ በኡርፖ እርሳስ ዳር ዳሩ የተጻፈ።

ግንቦት ሲገባ ሱቅ ሄድኩ። ሻጩ ልጅ፣ ጢሙ ገና የሚያቆጠቁጥ፣
ጂፒኤስ አሳየኝ፤ እንደ መስኮት የሰፋ፣ ዓሣን ከነአጥንቱ የሚገልጥ።
«ዘጠኝ መቶ ዩሮ ብቻ፤ ካርታው ለብቻ ይከፈላል» አለኝ።
ሁለት «ብቻ» ባንድ ትንፋሽ! ኪሴ ሰምቶ ጎሰመኝ።
ጀልባዬ ራሷ ተሸጣ
የዚያን ግማሽ አታወጣ።

«ስልክሽስ?» አለች ሚንቱ፣ የጎረቤቴ ልጅ።
ሞከርኩት። ፀሐይ ስታርፍበት መስታወት ሆኖ የገዛ ፊቴን አሳየኝ፤
ጣቴ ሲረጥብ አላወቀኝም፤ እኩለ ቀን ላይ ከዳኝ።
ፊቴንማ አውቀዋለሁ፤
እኔ የጠፋብኝ ያለሁበት ነው።

በሰኔ፣ ከአሮጌ ዕቃ ገበያ፣ ከተሰበረ መቅዘፊያና ከሕፃን ጫማ መሃል
አገኘሁት፦ መዳፍ የሚያህል፣ ቢጫ፣ ጎኑ የተፋቀ። ሠላሳ አምስት ዩሮ ይላል።
ካርታ የለውም። ቀለም የለውም። ከሥሩ ዓሣ ቢያልፍ ግድም የለውም።
ቁጥር ብቻ ነው የሚያውቀው፦ ኬክሮስ፣ ኬንትሮስ፤
ሌላውን ለወረቀት ትቶታል፣ ለዓይኔና ለኡርፖ እርሳስ።
ሁለት የባትሪ ድንጋይ ጎርሶ ሙሉ ቀን ይውላል፤
ድንጋይ እየበላ እኔን ከድንጋይ ያስጥላል።

ማታ ጠረጴዛ ላይ ሆዱን ስፈትሽ፣
የቀድሞ ባለቤቱ የተዋቸው ነጥቦች ተደርድረው አገኘሁ፦
«ዓሣ አንድ»፣ «ዓሣ ሁለት»፣ «ሳውና»፣ «መጥፎ አለት»፤
ከሁሉም በታች «እማማ» የምትል አንዲት።
ቁጥሯን ካርታው ላይ ብፈልግ፣ ደሴት የለም፣ ቤት የለም፤
ሰፊው ውሃ መሃል ወደቀች።

ቅዳሜ ማለዳ ሄድኩ። ጉሙ ሐይቁን ከነደሴቱ ጠቅልሎት፣
የጀልባዬን አፍንጫ እንኳ ዓይኔ ማየት ተስኖት።
ቢጫው በመዳፌ ይቆጥራል፦ ሁለት መቶ ሜትር፣ ሰማንያ፣ ዘጠኝ፤
ሸራውን ለቀቅኩት፤ ንፋሱ ዝም አለ፤ ዜሮ ላይ አቆመኝ።

ምንም የለም።
ካርታው ሠላሳ ሜትር ይላል ጥልቀቱን፤ አንዲት ዳክዬ፤ ከዚያ ወዲያ ጉም።
አመድ የተበተነበት ይሁን፣ እናት ልጇን ዋና ያስተማረችበት፣ አላውቅም።
ቁጥር እስከ ደጃፍ ያደርሳል እንጂ፣ በር አይከፍትም።
ትንሽ ቆየሁ። እጄን ውሃው ውስጥ ነከርኩ፤ ቀዝቃዛ ነበር።
ከዚያ ወደ ቤት፣ ቁጥር በቁጥር።

«አጥፊያት» አለች ሚንቱ፣ «ዝም ብላ ቦታ ትይዛለች።»
እንዴ! ቦታ መያዝ አይደል ወይ ሥራዋ?
አላጠፋኋትም።

ዛሬ የባትሪውን ድንጋይ ቀየርኩ፤ ከእማማ ሥር አዲስ ነጥብ ጨመርኩ፦
ወንድሜ አርባ ዓመት ሲወቅሰው የኖረውን፣ በእርሳስ ሦስቴ የከበበውን አለት።
ስሙን «ኡርፖ» አልኩት።
በስተቀኝ ትቼው፣ ሰላም ብዬው አለፍኩ።